ሐዘን ከገበታው ሲጀምር

(የመግቢያ ሙዚቃ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

የዛሬው ዝግጅታችን በአፍ ካንሰር ሰው ስላጣ ቤት ነው፤ ገና እያጣ ስላለ ቤትም ጭምር። አርእስቱ ከብዷችሁ ሬዲዮኑን ልታጠፉ ያሰባችሁ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ። ልጆች አጠገባችሁ ካሉም አታስወጧቸው፤ ለእነሱም የሚሆን ነገር ይዣለሁ።

ዲሴምበር 7 ቀን 1938 እ.ኤ.አ. የቢቢሲ ባለሙያዎች የድምፅ መቅጃ ይዘው ሰሜን ለንደን ውስጥ ወደሚገኝ አንድ መኖሪያ ቤት ሄዱ። እዚያ የሚጠብቋቸው የ82 ዓመቱ አዛውንት ሲግመንድ ፍሮይድ ነበሩ፤ ከጥቂት ወራት በፊት ከናዚዎች ሸሽተው ከቪየና የመጡት ታዋቂው የሥነ ልቦና ሐኪም። የቀዱት ንግግር አጭር ነው፤ አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። እስከ ዛሬ የሚታወቀው የፍሮይድ የድምፅ ቅጂም ይኸው ብቻ ነው። የሰማው ሰው ቃላቱ እየተጎተቱ፣ በግድ እየተገፉ እንደሚወጡ ያስተውላል። ይህ የእርጅና ጉዳይ አይደለም። ከላይኛው መንጋጋቸውና ከላንቃቸው የቀኙ ወገን በቀዶ ጥገና ወጥቷል፤ ክፍተቱን የሚደፍነው ሰው ሠራሽ አካል ነው። ያንን ዕቃ አውጥቶ መልሶ ማስገባት ብቻውን ስቃይ ነበር። አፋቸው ውስጥ ካንሰር ከተገኘ 15 ዓመት ሆኖታል።

ነገሩ የጀመረው በ1923 ነው። ፍሮይድ በቀን 20 ያህል ሲጋር የሚያጨሱ ሰው ነበሩ። አፋቸው ውስጥ የወጣውን ነጭ ነገር ካዩ በኋላ ለሰው ሳይናገሩ ቆዩ። በመጨረሻ የሄዱበት ሐኪም በተመላላሽ ክሊኒክ ቀለል ያለ ቀዶ ጥገና አደረገላቸው፤ እዚያው ብዙ ደም ፈስሷቸው ሊሞቱ ደረሱ። የተረፉት አንድ ክፍል ውስጥ አብሯቸው የነበረ ሌላ ሕመምተኛ ሮጦ ሰው ስለጠራላቸው ነው። ሐኪሞቹ ካንሰር መሆኑን ዐውቀዋል፤ ለእሳቸው ግን አልነገሯቸውም። የቅርብ ወዳጆቻቸው ተነገራቸውና ተሰብስበው መከሩበት። ፍሮይድ ይህን ከዓመታት በኋላ ሲሰሙ ክፉኛ ተቆጡ፤ በእኔ ሕይወት እንዲህ የመወሰን መብት ማን ሰጣቸው የሚል ቁጣ ነበር። ኋላ ማክስ ሹር የሚባል ወጣት ሐኪም ሲይዛቸው፣ ሁልጊዜ እውነቱን እንዲነግራቸው አስቀድመው ቃል አስገቡት።

ፍሮይድን ያነሣሁት ለዝናቸው ብዬ አይደለም። የእሳቸው የ16 ዓመት ሕመም በሐኪሞቻቸውና በቅርብ ሰዎቻቸው ተጽፎ ቀርቷል። በእኛ አገር የሚሆነው ግን መጋረጃ ተጋርዶ ይሆንና ከሰውየው ጋር ይቀበራል። ሕመምተኛው ሳያውቅ ጎረቤቱ በሙሉ የሚያውቅበት ቤት፣ መቼም ለማናችንም እንግዳ አይደለም።

ስለ በሽታው ጥቂት ልበል። የአፍ ካንሰር በከንፈር፣ በምላስ፣ ከምላስ ሥር፣ በድድ፣ በጉንጭ ውስጠኛ ገጽና በላንቃ ላይ ይነሣል። በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከ389 ሺህ በላይ ሰዎች በከንፈርና በአፍ ካንሰር እንደተያዙ፣ ከ188 ሺህ በላይ እንደሞቱ ይገመታል። ዋነኞቹ መነሻዎች ትንባሆና አልኮል ናቸው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ አንዱ የሌላውን ጉዳት ያባዛዋል። ትንባሆ ሲባል ሲጋራ ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን። ጋያውም፣ ሺሻውም፣ የሚታኘከውም፣ ከከንፈር ሥር የሚደረገውም ትንባሆ ነው። ሱዳን ውስጥ ቶምባክ፣ የመንና ደቡብ ሳዑዲ ውስጥ ሻማ የሚሉት ጭስ የሌለው ትንባሆ የብዙ ሰው አፍ ያበላሸ ነው፤ በዚያ የምትሠሩ ወገኖቻችን ጭስ የለውም ብሎ የሚያባብላችሁን አትስሙት። ጫትስ? ይህ ጥያቄ አይቀርም። ጫት ብቻውን የአፍ ካንሰር ያመጣል የሚለው ማስረጃ እንደ ትንባሆው የጠነከረ አይደለም። ነገር ግን ጫቱ ብቻውን የሚቀመጥበት ቤት ስንት ነው? ከምርቃናው ጋር ሲጋራው፣ ከሲጋራው በኋላ ጨብሲው ይከተላል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ የአልኮል ማስታወቂያንም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። ያን ጊዜ በጣቢያዎች አካባቢ ስለሚቀረው ገቢ ብዙ ተጉረምርሟል። ስለ ጠጪው ምላስ የተጨነቀ ግን አልገጠመኝም።

ይህን በሽታ አሳሳች የሚያደርገው መጀመሪያ ላይ አለማመሙ ነው። የሚያቃጥለውን ቁስል ሰው ያሳያል፤ ዝም ያለውን ይረሳዋል። ሁለት ሳምንት አልፎት ያልዳነ የአፍ ቁስል፣ ተጠርጎ የማይለቅ ነጭ ምልክት፣ ከነጩ ይበልጥ የሚያሳስበው ቀይ ምልክት፣ ያለ ምክንያት የሚነቃነቅ ጥርስ፣ የደነዘዘ ከንፈር ወይም ምላስ፣ አንገት ላይ የወጣ ጠጣር እብጠት፤ እነዚህ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱ ናቸው። አንዳንዱ ሰው የጥርስ ሕመም ነው ብሎ ጥርሱን ያስነቅላል፤ የተነቀለበት ቦታ ሳምንታት አልፎትም አልደርቅ ይላል። ያኔ ሌላ ጥርስ ከማስነቀል በፊት ናሙና ይወሰድልኝ ማለት ያስፈልጋል።

«ብረት ከነካው ይባዛል» የሚለውን አባባል ሁላችሁም ሰምታችሁታል። ናሙና መውሰድ ካንሰሩን አያባዛውም። ብረት ከነካቸው በኋላ ሞቱ የምንላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሐኪም ቤት የደረሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው፤ ጥፋቱን ግን የምንጭነው መጨረሻ ላይ በነካቸው እጅ ላይ ነው። ገና ትንሽ ሳለ ከተደረሰበት በቀዶ ጥገና የሚድነው ሰው ይበዛል። ለተስፋፋው የጨረርና የመድኃኒት ሕክምና አለ። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለነበር ሕመምተኛው ከየክፍለ ሀገሩ አዲስ አበባ መጥቶ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። አሁን ጅማን ጨምሮ በሌሎችም ቦታዎች ተጀምሯል። አንድ የሚዘነጋ ነገር ላክል፤ አፍና መንጋጋ ላይ ጨረር ከመጀመሩ በፊት የተበላሸ ጥርስ መታከም አለበት። ጨረር ያገኘው መንጋጋ ላይ ኋላ ጥርስ መንቀል አጥንቱን ሊያበላሸው ይችላል።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ።

የሆስፒታል ኮሪደር ላይ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። አባት ውስጥ አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። ትልቁ ልጅ ሐኪሙን ተከትሎ ይወጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዶክተር፣ እባክህ ለእሳቸው እንዳትነግራቸው፤ ከሰሙ ይሰበራሉ» ይላል። ሐኪሙም ብዙ ጊዜ እሺ ይላል። ለአባት «ትንሽ ኢንፌክሽን ነው» ይባላል። እህት ታውቃለች፣ አጎት ያውቃል፣ የእድሩ ዳኛ ሳይቀሩ ያውቃሉ። አባትም ያውቃሉ፤ ጠዋት ጠዋት አፋቸው ውስጥ የሚያድገውን በምላሳቸው የሚነኩት እሳቸው ናቸው። ግን ልጆቻቸው እንዳይሰበሩ ብለው ያላወቁ ይመስላሉ። ሁለቱም ወገን ሌላውን ሊያተርፍ ይዋሻል።

ይህን የሚያደርገው ፍቅር ነው፤ አልወቅሰውም። ማወቅ የማይፈልግ ሰውም አለ፤ መብቱ ነው። ሐኪሙ አስቀድሞ «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ወይስ ለማን ልንገርልዎ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል። መልሱን የሚሰጠው ሕመምተኛው ነው፤ ታናሽ ወንድሙ ወይም ከውጭ የደወለው ልጁ ሊሰጥለት አይችልም። በአፍ ካንሰር ደግሞ ይህ ጉዳይ ከሌላው በሽታ ሁሉ ይበልጥ ይቸኩላል። በብዙ በሽታ ሰው እስከ መጨረሻዋ ሳምንት ይናገራል። የአፍ ካንሰር ግን ከሕይወት አስቀድሞ ምላስን ሊወስድ ይችላል። ቀዶ ጥገናው የምላሱን ግማሽ ያነሣል፤ ወይም እብጠቱ ቃሉን ያፍነዋል። ኑዛዜ ያልተናዘዙ፣ የመሬታቸውን ነገር ያልተናገሩ፣ ለ20 ዓመት ከተኳረፉት ወንድማቸው ጋር ያልታረቁ፣ ከንስሐ አባታቸው ጋር በቅጡ ያልተነጋገሩ ሰው፣ ጊዜ አለ ተብለው ሲቀመጡ የሚያልፈው መናገር የሚችሉበት ጊዜ ነው።

እንግዲያው ምን ይደረግ? ቀዶ ጥገና ከመደረጉ በፊት ወደ ቤት ሰው ጥሩ። ሕመምተኛው ከፈቀደ በስልካችሁ ድምፁን ቅዱ። ምን ይናገር ብላችሁ አትጨነቁ፤ ልጆቹን በየስማቸው ይጥራ፣ ይመርቅ፣ የትውልድ መንደሩን ይናገር፣ ዱዓ ያድርግ፣ ተረት ያውራ። በሐዘን ቤት ፎቶግራፍ አይጠፋም፤ ድምፅ ግን ከአብዛኛው ቤት ይጠፋል።

ንግግር ከከበደ በኋላም መነጋገር አይቆምም። መጻፍ የሚችል ደብተርና እርሳስ ከትራሱ አጠገብ ይኑረው። የማይጽፍ ከሆነ ምልክት ተስማሙ፤ አንድ ጊዜ መንካት አዎ፣ ሁለት ጊዜ አይ፣ ለውኃ ይህ፣ ለሕመም ይህ። ሌሊት የሚጠራበት ትንሽ ደወል ይሰጠው። ጥያቄያችሁ አጭር ይሁን። ቃሉን ከአፉ አትንጠቁት፤ ይጨርስ። በተለይ ደግሞ ያልገባችሁን የገባችሁ መስላችሁ ራሳችሁን አትነቅንቁ። እሱ ያውቅባችኋል፤ ከዚያ በኋላ መናገሩን ይተወዋል። «አልሰማሁህም፣ ድገምልኝ» ማለት ከብዙ አይዞህ ይሻላል። በ1930 ፍሮይድ የጎተ ሽልማትን ሲሸለሙ ወደ ፍራንክፈርት ሄዳ ንግግራቸውን ያነበበችላቸው ልጃቸው አና ናት። ቁስላቸውን የምታጥበው፣ ያን ሰው ሠራሽ ዕቃ የምታስገባውም እሷው ነበረች። እንዲህ ያለች ልጅ በእኛም አገር በየቤቱ አለች፤ ሥራዋን ትታ፣ ትምህርቷን አቋርጣ የምታስታምም። እሷን በኋላ እመለስባታለሁ።

ከድምፁ ይልቅ የእኛን አገር ክፉኛ የሚነካው ግን ገበታው ነው።

እኛ የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው። ሰው ለሰው ያለውን ፍቅር በጉርሻ ይናገራል፤ እንግዳ የሚከበረው «ብሉ እንጂ» በሚለው ልመና ነው። የአፍ ካንሰር የሚገባው በዚህ በር ነው። መጀመሪያ በርበሬው ያቃጥላል። ቀጥሎ እንጀራው አልላም ይላል። ምራቅ በከንፈር ጥግ መውረድ ሲጀምር ሕመምተኛው ያፍራል፤ «እናንተ ብሉ፣ እኔ ጠግቤያለሁ» ማለት ይጀምራል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ብቻውን ይጎነጫል። ፍሮይድም ሰው እያያቸው መብላትን ይሸሹ ነበር። ቀስ በቀስ ቤተሰቡ ራሱ በእሱ ፊት መብላት ይሳቀቃል፤ ልጆቹ ማድ ቤት ቆመው ይጎርሳሉ፤ መሶቡ የሚከፈተው እሱ ሲተኛ ነው። በዚያ ቤት ሰው አልሞተም፤ ልቅሶ ግን ገብቷል። ስም የሌለው፣ ድንኳን የማይተከልለት፣ ማንም መጥቶ «እግዜር ያጽናችሁ» የማይልበት ሐዘን ነው።

በአንዳንድ ቤት ደግሞ ከዚህ የባሰ ይደረጋል። ብርጭቆውና ማንኪያው ይለያል፤ የልጅ ልጆች «ወደ አባባ አትጠጉ» ይባላሉ። ልጆች፣ ይህን እናንተም ስሙ፦ የአፍ ካንሰር በአንድ ትሪ በመብላት፣ በአንድ ብርጭቆ በመጠጣት፣ በመሳም አይተላለፍም። አያታችሁን ሳሟቸው። ብርጭቆ የምትለዩ ካላችሁ ዛሬውኑ መልሱት።

የሚበላውን ነገር በተመለከተ፣ ለብ ያለና ለስላሳ ይሁን። አጥሚት፣ በርበሬ ያልነካው ገንፎ በቅቤ፣ ቀጠን ያለ አልጫ ሽሮ፣ የተፈጨ ድንች፣ በደንብ የተመታ እንቁላል፣ አቮካዶ፣ ሙዝ። ሎሚና ቃሪያ ይቅር፤ ትኩስ ነገር ይቅር። ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ በትንሽ በትንሹ፣ ደጋግሞ ይቅመስ። ሲውጥ የሚያስለው ከሆነ ምግቡ ወደ ሳንባ እየሄደ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ንገሩ። ጾም ሆኖ ቅቤና ወተቱን እምቢ ካሉ የንስሐ አባታቸው መጥተው ይፍቱላቸው፤ የልጅ ልመና የማይፈታውን የካህን ቃል ይፈታዋል። በአፍንጫ ወይም በሆድ በኩል ቱቦ የሚገባለት ሰውም አለ። ቱቦ ገባ ማለት ከቤተሰቡ ተለየ ማለት አይደለም። ቡና ሲፈላ እዚያው አጠገብ ይቀመጥ፤ ጭሱን ያሽት፤ ወሬውን ይስማ፤ ሦስተኛው እስኪወርድ ከመካከላችሁ አይነሣ።

መጨረሻው ሲቃረብ ሌላ ነገር ይመጣል። ሰውነት ምግብ አልፈልግም ይላል። ያን ጊዜ በግድ ማጉረስ ይጎዳል፤ ያፍናል፤ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ከንፈሩን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ማራስ፣ አፉን በለዘብታ ማጽዳት ይበቃል። ከልቅሶ በኋላ «በረሃብ ገደልነው» እያሉ ለዓመታት ራሳቸውን የሚከሱ ልጆች አሉ። ሰውየው የሞተው ስላልበላ አልነበረም፤ መብላት ያቆመው እየሞተ ስለነበር ነው። ይህን ሐኪሞች በጊዜው ቢነግሯቸው ብዙ ሰው ከብዙ ጸጸት ይድን ነበር፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚነግራቸው የለም።

ቀጥሎ የምናገረው ለጆሮ አይመችም፤ ነገር ግን ያልተነገረው ሰው ብቻውን ይደነግጣል። የአፍ ካንሰር ቁስል ሲያድግ ይሸታል። በፍሮይድ የመጨረሻ ቀናት አብዝተው የሚወዷት ውሻቸው ከሽታው የተነሣ ወደ አልጋቸው አልቀርብ ብላ ከክፍሉ ጥግ ትኮራመት ነበር። እንግዲህ ውሻ የሸሸውን ሽታ ልጅ ሲቋቋመው አስቡት። ሽታውን የሚያመጡት ቁስሉ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ስለዚህ ሐኪም የሚያዝዘው ሜትሮኒዳዞል የሚባለው መድኃኒት ብዙ ይቀንሰዋል። አፉን በየጊዜው፣ ትንሽ ጨውና ሶዳ በገባበት ለብ ያለ ውኃ ማጉመጥመጥ ይረዳል። መስኮት ይከፈት። ዕጣን ማብዛት ሽታውን አያጠፋውም፤ ጭሱ ያስለዋል እንጂ።

ደምም ሊፈስ ይችላል፤ አንዳንዴም በድንገትና በብዛት። ጠቆር ያለ ፎጣ ወይም ጋቢ በቅርብ አስቀምጡ። በነጭ ጨርቅ ላይ ደም ሲታይ ሕመምተኛውም አስታማሚውም ይሸበራል፤ በጥቁሩ ላይ እንደዚያ አይታይም። ከሆነ በጎኑ አስተኙት፣ ፎጣውን ያዙለት፣ እጁን ያዙ፣ ጥላችሁት አትሩጡ። ለእርዳታ የሚሮጥ ሌላ ሰው ይኑር።

ሕመሙን በተመለከተ ሞርፊን የሚባል መድኃኒት አለ፤ የሚጠጣ ፈሳሽም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ሕመም ደረጃ በደረጃ እንዲታከም፣ ለከባዱም ሞርፊን እንዲሰጥ በ1986 እ.ኤ.አ. ከመከረ ስንት ዓመት ሆነው! ሆኖም ዛሬም «ሱሰኛ ያደርገዋል» ብለው ጠርሙሱን ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቆልፉ ልጆች አሉ። ሐኪሙ ባዘዘው መጠን ለካንሰር ሕመም ሲወሰድ ይህ ፍርሃት ቦታ የለውም። የሚሰጠው ሕመሙ እስኪነሣ ተጠብቆ አይደለም፤ ሰዓቱን ጠብቆ ነው። ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻ አብሮ ይታዘዝለት። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ሆስፒስ ኢትዮጵያ እንዲህ ያሉ ሕመምተኞችን በየቤታቸው እየሄደ ይረዳል፤ የማስታገሻ ሕክምና ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎችም አሉና «መድኃኒት የለውም፣ ውሰዱት» ከተባላችሁ በኋላም የማስታገሻውን ክፍል ጠይቁ። ካንሰሩ መድኃኒት ባይኖረውም ሕመሙ አለው።

ፍሮይድ ሴፕቴምበር 23 ቀን 1939 በ83 ዓመታቸው ዐረፉ። በመጨረሻ ስቃዩ ሲበረታ ሞርፊን የሰጣቸው ያ እውነት ሊነግራቸው ቃል የገባው ሐኪም ነው።

ሞት ሲመጣ በእኛ ወግ ሁሉም ነገር ሥርዓት አለው። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ሠልስቱ ይወጣል፣ አርባና ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ ይቆጠራል። በሙስሊሙም ቤት ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ያጽናናል፣ ሶደቃው ይወጣል። ይህ ወግ ሰው ሐዘንተኛውን ብቻውን እንዳይተወው ያደርጋል፤ ከብዙ መድኃኒት የበለጠ ዋጋ አለው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ወጉ የማይደርስበት ቦታ አለ። በአፍ ካንሰር ሰው ያጣ ብዙ ሰው ሞቱን ሲሰማ መጀመሪያ የሚሰማው እፎይታ ነው። ዐረፈ፣ ዐረፍን ይላል በልቡ። ወዲያው በራሱ ይደነግጣል፤ «እኔ ምን ዓይነት ልጅ ነኝ?» ይላል። ይህ ስሜት በአስታማሚዎች ዘንድ የተለመደ ነው። እፎይ ያሰኘው የስቃዩ ማብቃት ነው፤ ሰውየውን መጥላት አይደለም።

ሌላው የፊቱ ነገር ነው። ቀዶ ጥገናና በሽታ የቀየሩት ፊት ዓይን ውስጥ ይቀራል፤ ሐዘንተኛው የቀድሞውን ፊት ለማስታወስ ቢሞክር ያኛው ይቀድመዋል። ለቀብር የሚሠራው ፎቶ የድሮው ሲሆን ደግሞ ያስታመሙትን ሰው አይመስላቸውም። ለብዙዎች ይህ ከወራት በኋላ እየለዘበ ይሄዳል፤ የድሮው ፊት በራሱ ጊዜ ይመለሳል።

ስለ አስታማሚዋ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። አርባው ካለፈ በኋላ ያለውን አንድ ተራ ማክሰኞ አስቡ። ድንኳኑ ፈርሷል፤ ዘመድ ወደየሥራው ተመልሷል። እሷ ግን ለወራት ቀኗን የከፋፈለችው በመድኃኒት ሰዓት፣ በቁስል ማጠብ፣ በአጥሚት ነበር። አሁን ሁሉም የለም። እጇ ሥራ ፈትቷል። ገበታ ቀርቦ ስትጎርስ እንኳ የበደለች ይመስላታል። የሚያስፈልጋት ሰው ያን ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ የሚመጣ ነው፤ ምሳውን ይዞ፣ አብሯት የሚበላ። ወንድሞቿም ያቋረጠችው ትምህርት የሚቀጥልበትን ነገር ከውርስ ክፍፍሉ በፊት ያንሱት። ይህን ስል ከሩቅ ብር የሚልኩትን ልጆች አቃልዬ አይደለም፤ አባቱን ሊቀብር መምጣት ያልቻለ ስደተኛም የራሱ ሐዘን አለው። ከተቻለ ያ የተቀዳ ድምፅ ይላክለት።

ሐዘን እስከ መቼ? ፍሮይድ ራሳቸው በ1917 ባሳተሙት ጽሑፍ ሐዘን በሽታ እንዳልሆነ፣ ሰው ቀስ በቀስ ልቡን ከሟቹ እያላቀቀ ወደ ሌላ ሕይወት እንደሚመለስ ጽፈው ነበር። ከዚያ በ1920 ልጃቸው ሶፊ በኢንፍሉዌንዛ ሞተችባቸው። ያ ነጭ ነገር አፋቸው ውስጥ በታየበት በ1923 የሶፊ ትንሽ ልጅ፣ እጅግ የሚወዱት የልጅ ልጃቸው፣ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። በ1929 እሱም ልጁን ላጣ ወዳጃቸው ሲጽፉ ቋንቋቸው ተለውጧል፤ ኃይለኛው ሐዘን ይበርዳል፣ የሄደው ሰው ቦታ ግን በሌላ አይሞላም፣ እንዲያም መሆኑ ተገቢ ነው የሚል ነበር መንፈሱ። እኔ ሁለተኛውን ፍሮይድ አምናለሁ። ቢሆንም ስድስት ወር አልፎ ሐዘንተኛው ከቤት መውጣት፣ መሥራት፣ መተኛት ካልቻለ፣ ወይም እኔም ልከተል የሚል ሐሳብ ከመጣበት፣ ያኔ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ስለ መሞት የሚያወራ ከሆነ ደግሞ ስድስት ወር የሚጠበቅ ነገር የለም።

ለልጆች «አባባ ሩቅ አገር ሄዷል» አትበሏቸው፤ በር በሩን ሲያዩ ይኖራሉ። «አባባ አፉ ውስጥ ካንሰር የሚባል በሽታ ወጥቶበት ነበር፣ ሐኪሞች ሞከሩ፣ አልዳነም፣ ሞተ» ማለት ይቻላል። ልጅ በልቡ የሚይዛቸው ሁለት ፍርሃቶች አሉ፤ እኔ ስላስቸገርኩት ነው ወይ፣ እኔንስ ይይዘኛል ወይ የሚሉ። ባይጠይቋችሁም ሁለቱንም መልሱላቸው።

በመጨረሻ፣ ልቅሶ ቤት ውስጥ ሰው ጎንበስ ብሎ «በምን ሞቱ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ «በጨጓራ» ወይም «በድንገት» ብሎ መመለስ የተለመደ ነው። «በአፍ ካንሰር» ብላችሁ መልሱለት። «ራሱ ነው በሲጋራው ያመጣው» የሚል ቢገጥማችሁ፣ በሕይወቱ ሲጋራ ነክቶ የማያውቅ ሰውም በዚህ በሽታ እንደሚሞት ንገሩት፤ ያጨሰውም ቢሆን ልቅሶ አይነፈገውም። ምናልባት እዚያ ድንኳን ውስጥ ካርታ ከሚጫወቱት መካከል፣ ከሟቹ ጋር ለ30 ዓመት አብሮ ያጨሰ፣ አብሮ የጠጣ ጓደኛ አለ፤ እሱም ጉንጩ ውስጥ አንድ ነገር ይዞ ዝም ብሎ ይሆናል። ከቤት ሲገባ በብርሃን መስተዋት ፊት ቆሞ ከንፈሩን ይገልብጥ፣ ጉንጮቹን በጣቱ ይለይ፣ ምላሱን አውጥቶ ግራና ቀኝ ጎኑን ይይ፣ አንሥቶም ሥሩን ይመልከት፣ አንገቱን ይዳስስ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ነገር ካገኘ በማግሥቱ የጥርስ ክሊኒክ ወይም ጤና ጣቢያ ይሂድ።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት የማስታገሻ ሕክምና ባለሙያ እንግዳ አድርገን፣ ሞርፊን በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚያዝና እንደሚሰጥ እንጠይቃለን። ጥያቄ ያላችሁ እስከ ረቡዕ ላኩልን። ደህና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)